የእማዬ ጠርሙስ

ባለፈው ሰኔ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የእናቴን ክፍል ሳጸዳ አልጋዋ ሥር ባለ ሁለት ሊትር የዘይት ጠርሙስ አገኘሁ። (ወንድ ከመቼ ወዲህ ነው አልጋ ሥር የሚጠርገው ለምትሉ፣ ባለቤቴ ቅዳሜ ሥራ ትገባለች።) ግማሽ ድረስ ቡና የመሰለ ጥቁር ውኃ አለበት። ክዳኑን ከፍቼ ሳሸተው የእርጥብ እንጨት ሽታ አፍንጫዬን መታው።

እማዬ የጡት ካንሰር ተገኝቶባት ሕክምና ከጀመረች አራተኛ ወሯ ነበር። ቀዶ ሕክምናው አልፎ በየሦስት ሳምንቱ በደም ሥር የሚሰጠውን መድኃኒት ትወስዳለች። ሁለት ዙር ጨርሳ ለሦስተኛው ስትቀርብ ግን የጉበት ምርመራዋ ጥሩ ስላልነበረ ቀጠሮው ለሁለት ሳምንት ተራዘመ። ምክንያቱን ማንም አላወቀም ነበር።

«እማዬ፣ ይኼ ምንድን ነው?» አልኳት ጠርሙሱን ከፍ አድርጌ።

«መድኃኒት ነው ልጄ። አጣጥ አለበት፣ ሌላም ሌላም አለበት።»

ቀስ በቀስ ነገሩ ወጣ። እኛ የምንኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው፤ ከበራችን ወጥተን ቀና ካልን እንጦጦ ነው። አንዲት የዕድራችን ሴት ከተራራው ላይ ካለ መድኃኒት አዋቂ አምጥታላታለች። ጠዋት አንድ ስኒ፣ ማታ አንድ ስኒ፣ ለሦስት ሳምንት። ለሐኪሟ ለምን እንዳልነገረች ስጠይቃት «ይቆጡኛል ብዬ» አለችኝ። የስድሳ ስምንት ዓመት ሴት!

እኔም ተቆጣሁ። «ቅጠልና ካንሰርን ምን አገናኛቸው?» ብዬ ጮህኩ። እሷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ማንበብ ጀመርኩ። በማግስቱም እንዲሁ። ሳነብ ያገኘሁት ነገር እናቴን ይቅርታ እንድጠይቅ አደረገኝ፤ ጠርሙሱን ግን አልመለስኩላትም።

አጣጥ የምንለው እሾሃማ ቁጥቋጦ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ ዘመዶቹ ብዙ ናቸው። አሜሪካኖች ለካንሰር መድኃኒት ፍለጋ ከዓለም ዙሪያ ተክል በሚሰበስቡበት ዘመን ከዚሁ ወገን የሆነ አንድ ቁጥቋጦ ከኢትዮጵያ ተወስዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 ሞሪስ ኩፕቻን የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ከዚያ ተክል ማይታንሲን የተባለ ንጥረ ነገር አወጣ። የካንሰር ሕዋስ ለሁለት እንዳይከፈል የሚያደርግ ብርቱ ነገር ነው። የእንዶድን ታሪክ ከዶክተር አክሊሉ ለማ ስም ጋር እየሰማን፣ እየኮራንበትም አድገናል። የአጣጥን ግን እኔ በዚህ ዕድሜዬ፣ ያውም በእናቴ ጠርሙስ ምክንያት መስማቴ ገረመኝ።

ታዲያ ማይታንሲን ለሕመምተኞች ሲሞከር ምን ሆነ? በደም ውስጥ ገብቶ ሰውነትን ሁሉ ያዳርሳል፤ የታመመውንና ጤነኛውን አይለይም። ሕመምተኞቹን ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ ያዛቸው፣ እጅና እግራቸው ደነዘዘ፣ የአንዳንዶቹ ጉበት ተጎዳ። በዚያ ላይ ዕጢውን የሚረታው በጣም ጥቂቱን ሰው ላይ ነበር። ሙከራው ቆመ፤ መድኃኒቱም መደርደሪያ ላይ ቀረ።

የዳነው ተሸካሚ ሲገኝለት ነው። ከአምስት የጡት ካንሰሮች በአንዱ ገደማ ሕዋሶቹ ገላቸው ላይ ኸር-ቱ የሚባል ፕሮቲን ከመጠን በላይ አላቸው። ይህን ፕሮቲን ፈልጎ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ቀድሞ ተሠርቶ ነበር። ተመራማሪዎች ከማይታንሲን የተበጀውን መርዝ በጥቂት በጥቂቱ እዚያ ላይ አሰሩት። ፀረ እንግዳ አካሉ ሕዋሱን ሲያገኝ ተያይዘው ይገባሉ፤ መርዙ የሚፈታው በአብዛኛው ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ካድሳይላ የሚባለው ይህ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2013 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። (የእማዬ ካንሰር ከዚህ ዓይነት አይደለም፤ ስለዚህ ለእሷ አይሆንም። ይህን ሳውቅ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነበር።)

ቻይናዎችም ተመሳሳይ ታሪክ አላቸው። «የደስታ ዛፍ» ከሚሉት ዛፋቸው ካምፕቶቴሲን የተባለ ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ1966 ተለይቶ ታወቀ። በውኃ አልሟሟ አለ፤ እንዲሟሟ ተደርጎ ሲሰጥ ደግሞ የሕመምተኞቹን ፊኛ አደማ፤ እሱም ተተወ። ከብዙ ዓመት በኋላ ኢሪኖቴካን የተባለ የተሻሻለ ዝርያው መጣ። ቀጥሎ ነው ናኖ ቴክኖሎጂ የገባበት። መድኃኒቱን ከስብ በተሠራች ድብልብል ከረጢት ውስጥ ቆለፉበት። የከረጢቷ ስፋት መቶ ናኖሜትር ገደማ ነው፤ የአንድ ጠጉር ውፍረት ከእሷ ብዙ መቶ እጥፍ ይበልጣል። ዕጢ በጥድፊያ ስለሚያድግ የደም ሥሮቹ ብዙ ጊዜ ያፈሳሉ፤ ከረጢቷ በዚያ ሾልካ ትገባለች፣ መድኃኒቱም ቶሎ ሳይበተን ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2015 ለተሰራጨ የቆሽት ካንሰር ተፈቀደ። ይህ ሁሉ ድካም ተደክሞ ከሌላ መድኃኒት ጋር ተደርቦ ሲሰጥ ለሕመምተኞቹ የጨመረላቸው ዕድሜ ሁለት ወር ገደማ ነው። ሁለት ወር ትንሽ ነው የሚል ሰው በሽተኛ አስታምሞ አያውቅም፤ ግን ተአምርም አይደለም።

በየወጣችን የምንጨምረው እርድም እንዲሁ ነው። ኩርኩሚን የሚባለው ንጥረ ነገሩ በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ የካንሰር ሕዋስ ይገድላል፤ ሲዋጥ ግን ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፈው ኢምንት ነው። በናኖ ከረጢት ለማድረስ ብዙ ሙከራ ተደርጓል፤ እስካሁን ግን የካንሰር መድኃኒት ሆኖ አልተፈቀደም። ስለዚህ «በናኖ የተዘጋጀ ቅጠል» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ የሻጩን ምላስ ሳይሆን የሆስፒታሉን ሐኪም ጠይቁ።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ የመጠኑ ነገር ነው። ከዚያ ከመጀመሪያው ተክል አንድ ኪሎ ተወቅጦ የሚወጣው ማይታንሲን አንድ ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። ዛሬ ለመድኃኒቱ መነሻ የሚሆነውን የሚያመርቱት በፋብሪካ ጋን ውስጥ ባክቴሪያ እያራቡ ነው። ታዲያ እናቴ ስኒ ውስጥ ምን ነበር? ከየትኛው አጣጥ? ሥሩ ነው ቅጠሉ? «ሌላም ሌላም» የተባለውስ?

ሰኞ ጠርሙሱን በፌስታል ይዤ ከእማዬ ጋር ወደ ሐኪሟ ሄድኩ። አልተቆጣትም። «እማማ፣ ጉበትዎን ይኼ ይጉዳው የኛ መድኃኒት ይጉዳው ልነግርዎ አልችልም» አላት። «የኛን መጠኑን አውቃለሁ፤ መቀነስም እችላለሁ። የዚህን ግን ከየት ልጀምር?» እማዬ መሬት መሬት እያየች «አቆማለሁ» አለች። በሁለት ሳምንቱ ምርመራዋ ተስተካከለ፤ ሦስተኛውን ዙር ወሰደች። ምክንያቱ ጠርሙሱ ይሁን አይሁን ግን ዛሬም አናውቅም።

ለዕድራችን ሴት ቂም የለኝም። እማዬ ጠጉሯ ሲረግፍ፣ እኛ ሥራ ሥራ ስንል፣ በየቀኑ መጥታ አጠገቧ የተቀመጠችው እሷ ናት። እኔ የሰጠኋት ተስፋ የቀጠሮ ወረቀት ብቻ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ እማዬ ንፋስ ልቀበል ብላ በመኪና ወደ እንጦጦ ይዣት ወጣሁ። ከባሕር ዛፎቹ መሀል ባለ ገደል ጥግ አንድ ቁጥቋጦ አየችና አስቆመችኝ። «ይኸው አጣጥ» አለች። ቅርንጫፉን ልትይዝ ስትል እሾሁ ጣቷን ወጋት፤ ሳቀች። ያገኘሁትን ሁሉ ነገርኳት፤ ከኢትዮጵያ መወሰዱን፣ መርዝነቱን፣ ተሸካሚ መፈለጉን። ዝም ብላ ሰምታኝ «እንግዲያው ያቺ ሴትዮም ጨርሳ አልዋሸችም» አለች።

«ጨርሳ አልዋሸችም።»

አሁን ትራሷ ሥር አንድ የልጆች ደብተር አለ። በአፏ የገባውን ሁሉ ለሐኪሟ እንድታሳይ በእርሳስ ትጽፍበታለች፤ ክኒኑን፣ ጤና አዳሙን፣ ሌላውንም። ትናንት ማታ ከክፍሏ ተጣራች።

«የዝንጅብል ሻይም ይጻፋል?»

«ጻፊው እማዬ።»

«ስንት ስኒ ልበል?»