የቤዝ ጊታሩ ልጅ ስሙ ማነው?

ይህችን ጽሑፍ የምጀምረው ጥፋቴን በመናዘዝ ነው። ባለፈው ሴሚስተር በዜና አጻጻፍ ኮርስ ከግቢ ወጥተን አንድ አንድ ዜና ሠርተን እንድንመጣ ታዘን ነበር። ጓደኞቼ ወደ ገበያና ወደ ወረዳ ጽ/ቤት ሲሄዱ እኔ የሄድኩት ሃያ ሁለት አካባቢ ወደሚገኝ አንድ የምሽት ቤት ነው። እዚያ ሐሙስ ሐሙስ የሚጫወቱ አምስት ወጣቶች አሉ፤ ድምፃዊ፣ ሊድ ጊታር፣ ቤዝ ጊታር፣ ሳክስፎንና ድራም። የሚጫወቱት ሮክ ነው፣ ግን ሮክ ብቻ አይደለም፤ ብሉዝም ጃዝም አለበት። የባንዱን ስም የማልጽፈው ልደብቅ ብዬ ሳይሆን ገና ስላልቆረጠላቸው ነው። እኔ ካወቅኳቸው ወዲህ እንኳ ሦስቴ ቀይረውታል።

ዜናውን ጻፍኩ፣ ከሃያ አሥራ ስድስት አገኘሁ፣ ደስ አለኝ። ወረቀቱን ይዤ ሄጄ ለልጆቹ አሳየኋቸው። የቤዝ ጊታሩ ልጅ ከላይ እስከ ታች አነበበውና ፈገግ ብሎ «እኔ ግን የለሁበትም አይደል?» አለኝ። እውነቱን ነው። የድምፃዊውን ስም አራት ጊዜ ጠርቼ ስለ ቀሩት አራቱ የጻፍኩት «ባንዱም አጅቦታል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት እያልን ስንሸመድድ የከረምን ተማሪዎች ነን። እኔ ግን የመጀመሪያዋን ጥያቄ እንኳ በትክክል አልጠየቅኩም።

በእኔ እምነት እንደነዚህ ልጆች ያሉ ባንዶችን ወደ ኋላ ከሚጎትቷቸው ነገሮች አንዱ ይሄው «አጀበ» የምንለው ቃል ነው። እኛ ሙዚቃ ስንል ዘፋኝ ማለታችን ነው። በካሴት ዘመን ሽፋኑ ላይ የሚወጣው የዘፋኙ ፎቶ ነበር፤ የተጫዋቾቹ ስም ከተጻፈም በደቃቅ ፊደል ነው። ምሽት ቤትም ያው ነው። ዘፋኙ ደስ ሲያሰኘን ብር አውጥተን ግንባሩ ላይ እንለጥፋለን። ድራም የሚመታ ሰው ግንባር ላይ ብር ሲለጠፍ ያየ ካለ ይንገረኝ።

ችግሩ ሮክም፣ ብሉዝም፣ ጃዝም መሣሪያው ራሱ የሚናገርባቸው ሙዚቃዎች መሆናቸው ነው። ብሉዝ ላይ ድምፃዊው አንድ ስንኝ ይልና ዝም ይላል፤ ያኔ ጊታሩ ይመልስለታል። ጃዝ ላይ ደግሞ ሳክስፎኑ ዜማውን ተቀብሎ ወደፈለገው ይወስደዋል፤ ቤዙና ድራሙ መሬት ሆነው ይይዙታል። እኛ ግን ድምፃዊው ዝም ሲል ዘፈኑ ያለቀ ይመስለንና ወደ ወሬያችን እንመለሳለን። በዚያ ምሽት ሳክስፎኑ ብቻውን እየተጫወተ አጠገቤ የነበሩ ሰዎች አስተናጋጅ ጠርተው ሂሳብ ሲጠይቁ አይቻለሁ።

እዚህ ላይ የዶርም ጓደኛዬ የሚለኝን አውቃለሁ፦ «አቦ ተወን፣ ሮክ እኮ የኛ አይደለም፣ ጩኸት ነው!» ታዲያ ትራምፔትስ የኛ ነበር እንዴ? እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌም ላይ ያዩአቸውን አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች አዲስ አበባ አስመጡ። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ሙዚቀኞች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት በአገራችን የዘመናዊ ሙዚቃን መሠረት ከጣሉት መካከል ናቸው። ዶ/ር ሙላቱ አስታጥቄም እንግሊዝና አሜሪካ ተምረው የእኛን ቅኝት ከጃዝና ከላቲን ሙዚቃ ጋር አዋሀዱት፤ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተሰኘው አልበማቸው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ዛሬ ኢትዮ ጃዝን «የኛ አይደለም» የሚል ሰው ቢመጣ እንስቅበታለን። ጃኖ ባንድም እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ» የተሰኘውን አልበም ይዞ ሲመጣ በአማርኛ ሮክ መጫወት እንደሚቻል አሳይቶናል።

ደግሞም ዜማው ራሱ ያን ያህል ባዕድ አይደለም። ሙሉው ትዝታ፣ ማለትም ትዝታ ሜጀር፣ አምስት ድምፆች አሉት፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። የሮክና የብሉዝ ጊታሪስቶች ሜጀር ፔንታቶኒክ ብለው የሚለማመዱትም እነዚሁኑ አምስቱን ነው። ድምፁ አንድ ስለሆነ ሙዚቃው አንድ ነው ማለቴ አይደለም። ብሉዝ የአሜሪካ ጥቁሮች ከባርነትና ከጥጥ እርሻ ኑሯቸው ያወጡት ነው፤ ትዝታም የራሱ ታሪክ አለው። ግን ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ይቻላል። የእነዚህ ልጆች ጊታር በትዝታ ጀምሮ ድምፁን ሳብ፣ ጎበጥ እያደረገ ሳያስታውቅ ብሉዝ ውስጥ ሲገባ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። መሲንቆ ሲያለቅስ ሰምቶ ያደገ ጆሮ ይሄንን እንዴት «ጩኸት» ይላል?

ተጫዋችን አለማወቃችን ያስከፈለንን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበሩት አንጋፋው ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1981 ባንዱ አሜሪካ ሲሄድ አብረው ሄደው እዚያው ቀሩ። ለብዙ ዓመታት ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነዱ፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ መኪናቸው ውስጥ ኪቦርድ ይለማመዱ ነበር። አሜሪካ ሳሉ የሠሩት የቆየ ካሴት እ.ኤ.አ. በ2013 በአንድ የውጭ አሳታሚ እንደገና ወጥቶ ዓለም ሰማቸው፤ በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጡ። ስንቶቻችን ነን እሳቸውን ፈረንጅ ሳያስተዋውቀን በፊት የምናውቃቸው? ያለ ድምፅ የተሠራ ሙዚቃ በሬዲዮ የምንሰማው ብዙውን ጊዜ መሸጋገሪያ ሆኖ ነው፤ የተጫወተው ሰው ስም ሳይጠራ ዜና ይገባል።

መድረኩም እየጠበበ ነው። ጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረው ጃዝአምባ በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ወደመ። ካዛንቺስ የነበረው የፈንድቃ ቤትም በ2017 ዓ.ም. ፈረሰ። ሌሎች ቤቶች የሉም አልልም፤ ግን ብዙዎቹ የሚፈልጉት ሰው የሚያውቀውን ዘፈን ነው። የእነዚህ ልጆች አሠሪም በግልጽ «የታወቀውን ተጫወቱ» ብሏቸዋል። እኔ በነበርኩበት ምሽት ሦስት ሰዓት ያህል ተጫውተው የራሳቸው የሆነው ሦስት ዘፈን ብቻ ነበር። እሱንም የገፉት ወደ መጨረሻው፣ ሰው ወደ መሄጃው ሲል ነው። በአሠሪው አልፈርድም፤ ኪራይ ይከፍላል። እየጠየቅን ያለነው እኛ ነን። ከመቀመጫችን በወረቀት ጽፈን የምንልከው የድሮ ዘፈን ነው፤ «እስኪ የራሳችሁን አንድ ተጫወቱልን» ብሎ የላከ ሰው አላየሁም።

እንዲህ ስል ልጆቹ እንከን የላቸውም ማለቴ አይደለም። ግጥማቸው ደካማ ነው። ድምፃዊው በእንግሊዝኛ ሲዘፍን የሰው ኮት የለበሰ ይመስላል። ሶሎ አንዳንዴ ይረዝማል፤ ጊታሪስቱ የሚጫወተው ለኛ ይሁን ለራሱ የሚያሳስትበት ጊዜ አለ። ግን ይሄንን የሚነግራቸው የለም። ወይ «አሪፍ ናችሁ!» ይባላሉ፣ ወይ «ጩኸት»። ከሁለቱም የሚማሩት ነገር የለም። አዳምጦ «እዚህ ጋ ጥሩ ነው፣ እዚህ ጋ ደግሞ ይቀረዋል» ማለት የኛ ሥራ ነው፤ ነገ ጋዜጣና ሬዲዮ ላይ የምንቀመጠው እኛ የዚህ ዲፓርትመንት ተማሪዎች ነን። ስለ ኳስ ስንጽፍ ጎል ያገባውን ብቻ ሳይሆን ኳሷን ያቀበለውንም እንጠራ የለም እንዴ? ስለ ባንድ ስንጽፍ ለምን ይከብደናል?

አሁን ወደ ቤዝ ጊታሩ ልጅ ልመለስ። ጥፋቴን ላርም ብዬ ባለፈው ሳምንት ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ሄድኩና ስሙን ከነአባቱ ጠየቅኩት። ነገረኝ። መጫወት የጀመረው በሰፈሩ ልጅ ጊታር፣ በአራት ክር ብቻ እንደሆነም አጫወተኝ። ልነሳ ስል ግን እጄን ያዝ አድርጎ «ባታወጣው ይሻላል፤ አባዬ ማታ ማታ አካውንቲንግ የምማር ነው የሚመስለው» አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን። እሱ ግን ቶሎ አቆመ።

ስለዚህ ዛሬም ስሙ እዚህ የለም። ግን አምና ያልጻፍኩት ስላልጠየቅኩ ነው፣ ዛሬ ያልጻፍኩት አደራ ስላለኝ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ልጁ ስሙን ከአባቱ የሚደብቅበት ምክንያት ሙዚቃ እንጀራ አይሆንም ስለሚባል ነው፤ እንጀራ እንዳይሆን ካደረጉት አንዱ ደግሞ እንደኔ ያለው «ባንዱም አጅቦታል» እያለ የሚያልፈው ጸሐፊ ነው። አንድ ቀን «ጻፈው» እንደሚለኝ ተስፋ አለኝ። ደብተሬ ላይ ከነአባቱ ተጽፎ ተቀምጧል።