ለሰንጋችሁ የምትሰጡትን ጠዋት ለራሳችሁም ስጡ

ዛሬ ስለ ማዳበሪያም ስለ ምርጥ ዘርም አልጽፍም። ስለ ጠዋት ነው። ከእንቅልፍ ከነቃችሁ ጀምሮ ዶማ እስክታነሱ ድረስ ስላለችው ትንሽ ጊዜ። «ይሄ ደግሞ የግብርና ምክር ነው እንዴ?» እንዳትሉኝ። በእኔ አስተያየት የማሳው ሥራ የሚበላሸውም የሚቃናውም እዚያች ሰዓት ላይ ነው።

እስቲ ከሰንጋ እንጀምር። የሐረርጌ ገበሬ በሬ ሲያደልብ ያለውን ትዕግሥት የማያውቅ የለም። ማሳው ሲሳሳ የሚነቀለውን የማሽላ ቡቃያ፣ ቅጠሉን፣ አገዳውን እየቆረጠ ጥቂት ጥቂት አድርጎ በእጁ ያቀርብለታል። በቀን ብዙ ጊዜ ይመላለሳል። በሬው የቀረበለትን ሳይጨርስ ሌላ አይጨምርለትም። «ከብት በችኮላ አይደልብም» ይላችኋል። እንግዲህ ይሄ ሰው ራሱ ጠዋት ምን ቀመሰ? በየቤቱ ስዞር የማየው አንድ ነው፦ አንድ ሲኒ ቁጢ ወይ ሆጃ፣ ጥቂት ቀንበጥ ጫት፣ ከዚያ ቀጥታ ወደ ማሳ። በሬው በልቶ፣ ባለቤቱ ባዶ ሆዱን!

ችኮላው ከየት መጣ? አንዱ ምንጭ ጫቱ ራሱ ነው። ካቲኖን የሚባለው ዋናው ንጥረ ነገር ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ እየደከመ ይሄዳል፤ በሁለት ቀን ገደማ ጫቱ ዋጋ ያጣል። ስለዚህ ይቆረጣል፣ ይጠቀለላል፣ ወደ አወዳይ ይሮጣል። ከዚያም ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ ጅግጅጋ፣ ድንበር ተሻግሮ ወደ ጅቡቲና ሶማሌላንድ። ይሄ ሩጫ የጫቱ ጠባይ ነው፣ አልቃወምም፤ የብዙ ቤት ጓዳ የሚሞላው በእሱ ነው። ግን ማሽላ አይሮጥም። ቡና አይሮጥም። ኦቾሎኒም አፈር ውስጥ ሆኖ በትዕግሥት ይጠብቃችኋል። የጫቱን ሩጫ ለሥራ ሁሉ ማልበሱ ነው ስህተቱ።

ደግሞ አስቡት፣ የሐረር ገበያ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በአሚር ኑር ዘመን፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የጀጎል ግንብ አምስት በሮች ነበሩት፤ ማታ ይዘጋሉ፣ ጠዋት ይከፈታሉ። ከገጠር ሌሊት ተነስቶ ኤረር በር የደረሰ ሰው ምንም ቢቸኩል በሩ እስኪከፈት መጠበቅ ግዴታው ነበር። ዛሬ በሩ አይዘጋም፣ ባጃጁም መኪናውም ሌሊት ይመጣል። ስለዚህ የጠዋቱን በር መዝጋትና መክፈት በእኛው እጅ ገብቷል ማለት ነው።

አሁን ስለ ኢጃ በና ላንሳ፤ ዓይን መክፈቻ የምንለውን የማለዳ ጫት። ዓይን ይከፍታል፣ እውነት ነው። ግን ምን ያደርጋል? ረሃብን ያስረሳል፣ የልብ ምትን ይጨምራል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ረሃብ ጠፋ ማለት ሰውነት ጠገበ ማለት አይደለም፤ ጉልበቱን ከነገ ተበድራችሁ ነው የምትሠሩት። በዚያ ላይ ቅጠሉ መድኃኒት የተረጨበት ከሆነና ሳይታጠብ ከተቃመ መርዙም አብሮ ይገባል። ተዉ ብዬ ልሰብካችሁ አይደለም። ቢያንስ ከውሃና ከምግብ በኋላ ይሁን፣ ቅጠሉም ይታጠብ ነው የምለው።

ታዲያ ምን እናድርግ? እኔ የምለው ከንጋት በፊትና በኋላ ባለው ጊዜ አንድ ሰዓት፣ ካልሆነም ግማሽ ሰዓት ለራሳችሁ ያዙ። የሱብሂ ሰላት የሚሰግድ፣ ጸሎት የሚያደርስ ሰው መጀመሪያውን አግኝቷል፤ ሳይሮጥ ቀኑን ከፍቷል። ከዚያ ቀጥሎ እንዲህ ይሁን፦

አንደኛ፣ ውሃ። አንድ ሁለት ብርጭቆ ንጹህ ውሃ ከቁጢው በፊት ጠጡ። በተለይ ወደ ኤረር ሸለቆ ለሥራ የምትወርዱ፣ ሙቀቱ ሳይጀምር ሰውነታችሁ ውሃ ይዞ ይጠብቀው።

ሁለተኛ፣ ምግብ። የማሽላ ገንፎ ወይ ቂጣ፣ ወተት ካለ ወተት፣ አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ። ባቢሌ የምትታወቅበት ኦቾሎኒ ከመቶ ግራሙ 25 ግራም ገደማ ፕሮቲን ነው፤ እኛ ግን ሸጠነው ባዶ ሆዳችንን እንወጣለን። ሻጋታ የነካውን፣ የጨማደደውን፣ ቀለሙ የተለወጠውን ለቅማችሁ ጣሉ፤ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊኖርበት ይችላል። ሻይና ቡና ደግሞ ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ቢርቁ ጥሩ ነው፤ አብረው ሲሆኑ ሰውነት ከእህሉ ብረት እንዳይወስድ ያውካሉ። ለነፍሰ ጡር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ሦስተኛ፣ መሣሪያ ሳትይዙ አሥር ደቂቃ ዙሩ። ከብቱ አመሰኳ? ፍየሏ ተነሳች? ከዚያ ማሽላውን፣ በቆሎውን ተመልከቱ። በ2009 ዓ.ም. አገራችን የገባው መጤ ተምች ፀሐይ ሲበረታ ሙሽራው ውስጥ ይደበቃል፤ ማለዳ ግን ቅጠል ላይ ታገኙታላችሁ። በጊዜ ያየ ሰው በእጁ ለቅሞ ይጨርሳል፤ ሮጦ ያለፈው ሰው መድኃኒት ይገዛል። የአገዳ ቆርቁሩም፣ አቀንጭራውም እንደዚያው ነው። ቀስ ብሎ መዞር ሥራ መፍታት አይደለም፣ ራሱ ሥራ ነው።

አራተኛ፣ የርጭት ቀን ከሆነ ከበላችሁ በኋላ፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ ንብም በብዛት ሳይወጣ ርጩ። ጫት አፍ ውስጥ ይዞ መርጨት ፈጽሞ አይሁን። ስትጨርሱ እጅና ፊት በሳሙና፤ ልብሱም ለብቻው ይታጠብ። ተቻኩሎ የሚረጭ ሰው ነው ጓንቱን የሚረሳው፣ መጠኑን የሚስተው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ? መርዝ ሲሆን ግን የፈሰሰው አይለቀምም።

ዋናውን ነገር ወደ መጨረሻ ያስቀመጥኩት እንድታስቡበት ነው። ወንዶች፣ ይሄ ለእናንተ ነው። በቤቱ ቀድሞ የሚነሳ ማን ነው? ውሃ የሚቀዳ፣ እሳት የሚያነድ፣ ላም የሚያልብ፣ ልጆች ለትምህርት የሚያሰናዳ፣ ከዚያ ጭነቱን ተሸክሞ ሸዋ በር ወይ ኤረር በር የሚወርድ? የአባወራው የተረጋጋ ጠዋት በእማወራዋ ሩጫ የተገዛ ከሆነ ያ ጤናማ ልማድ አይደለም፣ ሸክም ማዛወር ነው። እሷ ሳትበላ ገበያ ከወረደች ቤቱ ገና አልበላም። ስለዚህ ውሃው ማታ በአህያ ይቀዳ፤ አህያውን አባት ወይ ወንድ ልጅ ይንዳ። እንጨቱ ማታ ይፈለጥ። የገበያው ዕቃ ማታ ይታሰር። ጠዋት አንዱ ሲያልብ ሌላው እሳት ያንድድ፤ ሁሉም አንድ ላይ ይቅመስ።

ከዚህ እንደምታዩት የረጋ ጠዋት የሚሠራው ማታ ነው። እስከ እኩለ ሌሊት የቃመ ሰው እንቅልፍ አይወስደውም፤ በ11 ሰዓት ቢነሳም ሰውነቱ አልተነሳም። ስልኩም እንደዚያው ነው። ስትነቁ መጀመሪያ ስልክ አትክፈቱ፤ ይሄ ገጽ እንኳን ምሳ ሰዓት ላይ ቢነበብ አይበላሽም።

«ባለሙያው፣ አንተ ደሞዝተኛ ነህ፣ እኛ ጊዜ የለንም» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እውነት አላችሁ፣ ፀሐይ ሳይከር መሥራት የሚያዋጣበት ወቅት አለ፤ ጫት የሚቆረጥበት ቀንም አለ። በእነዚያ ቀናት የማታ ቂጣና ኦቾሎኒ በከረጢት ይዛችሁ ውጡ። ሌሎቹ ቀናት ግን ብዙ ናቸው። ደግሞ በእኛ አገር ፀሐይ የምትወጣበት ሰዓት ከክረምት እስከ በጋ አንድ ሰዓት እንኳን አይለያይም፤ አንዴ የተለመደ ልማድ ዓመቱን ሙሉ ይሄዳል። ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ በልቶ የወጣ ሰው ረፋዱ ላይ ጉልበቱ አይከዳውም፤ ማጭዱም እግሩን አያገኘውም።

ሁሉንም ባንዴ አትጀምሩ። ለአንድ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ ያዙ፦ በቤታችሁ ማንም ሰው፣ አባትም እናትም ልጅም፣ ሳይበላ ከደጅ አይውጣ። ሳምንቱ ሲያልቅ ረፋድ ላይ ያላችሁን ጉልበት፣ የልጆቻችሁን ሁኔታ አስተያዩ። ከጠቀማችሁ ቀጥሉ፣ ለጎረቤትም ንገሩ። መልካም የሥራ ሳምንት!