በግልጽ ንገረኝ

ሰሞኑን አንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኞች ስብሰባ ላይ ለዘገባ ተቀምጬ ነበር። ኃላፊው ገና ማይኩን ሲይዙ "ዛሬ ያለ ፍርሃት፣ በግልጽ እንወያያለን" አሉ። አዳራሹ ጭጭ። ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት ለጓደኛዋ "ዛሬ ደግሞ ተረኛው ማን ይሆን?" ስትል ሰማኋት።

ቃሉ ምን በደለ? ግልጽ የመጣው ገለጠ፣ ገለጸ ከሚለው ነው። መጽሐፍ ይገለጣል። ዛፍ የሌለበት ሜዳ ገላጣ ይባላል። (መግለጫም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ጋዜጠኞች ስንት መግለጫ ላይ ተቀምጠን ምን እንደተገለጠልን ባትጠይቁን ደስ ይለኛል።)

ችግሩ ቃሉ የሚሄድበት አቅጣጫ ነው። "በግልጽ ተናገር" ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ትእዛዝ ነው፤ አባት ለልጁ፣ መርማሪ ለተጠርጣሪ፣ አለቃ ለሠራተኛ። ሠራተኛው አለቃውን "እስቲ እርስዎም በግልጽ ይንገሩኝ" ቢላቸው ግን "ደፋር" ይባላል። ደፋር ደግሞ እንደምታውቁት አንዴ ጀግና ነው፣ አንዴ ባለጌ። የቱ እንደሆነ የሚወስኑት አለቃው ናቸው።

በኢሕአዴግ ዘመን ግምገማ ላይ የተቀመጠ ሰው ይህ አይጠፋውም። ሂስና ግለ ሂስ እየተባለ ሰው ባልደረቦቹ ፊት ራሱን ይገልጥ ነበር። የገለጠው ነገር ዞሮ መጥቶ እንደሚመታው ሲያይ መሸፈን ተማረ። ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው "ሰምና ወርቅ" የአማራን ድብቅ አነጋገር ከባህሉ ጋር አያይዞ ተንትኖታል። ስለ ቅኔው አልከራከርም። ነገር ግን ያው አዳራሹ ውስጥ አፉን የዘጋ ሰው ታክሲ ውስጥና ለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር ምን ሲል እንደሚውል ሁላችንም እንሰማለን። ሰው የሚሸፍነው ዋጋውን አስልቶ ነው።

ሕጉስ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ መረጃ የተጠየቀ መሥሪያ ቤት በ30 ቀን ውስጥ እንዲመልስ ያዛል። መብቱ የማንኛውም ሰው ነው። እኔ በጽሑፍ ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ "ከየት ሚዲያ ነህ?" የሚል ነበር። ከየትም አይደለሁም፣ ፍሪላንስ ነኝ። ደብዳቤዬ እዚያው ቀረ።

እኔም ግን ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ዝቅተኛ ሠራተኛን "ስምህን አልጠቅስም፣ በግልጽ ንገረኝ" አልኩት። ነገረኝ። ስሙን አልጠቀስኩም። የጻፍኩትን ዝርዝር ግን በዚያ ቢሮ የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። በወሩ ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ ሩቅ ወረዳ ተዛወረ። ስደውልለት "አይዞህ፣ ያንተም እንጀራ ነው" አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ደብተሬን ሳላወጣ በፊት "ይህን ስትነግረኝ ካንተ እንደመጣ ማን ማን ያውቃል?" ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ጥቂት አስቦ ያወራኛል። አንዳንዱ ሻዩን ሳይጨርስ ተነስቶ ይሄዳል። ሂሳቡን እከፍላለሁ።