ለብቻዋ የቆመች ጣሳ

ከቴፒ ወጣ ባለ መንደር ከሰል ተሸክማ የመጣች እናት ደጅ ቆማ ስትጠብቅ አየሁ። ቡና ሲወጣላት ረከቦቱ ላይ ከተደረደሩት ሲኒዎች አንዱም አልተነሳም፤ የተቀዳላት ከግድግዳው ጥግ ለብቻዋ በተቀመጠች ጣሳ ነው። ማንጆ ናትና። ቡና በተወለደበት ምድር ይህን ማየት ያማል።

በካፋና በሸካ ማንጆ የሚባለው ማኅበረሰብ አባላት ማሩን፣ ከሰሉንና ማገዶውን ለገበያ ሲያቀርቡ ኖረዋል። ቤት ግን አይገቡም፣ አብረው አይበሉም፣ አይጋቡም ተብለው ተገልለዋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል፤ ጓዳችን ድረስ ግን አልዘለቀም።

እዚያ የሚዘልቁት አገር በቀል ማኅበራት ናቸው። የ2001ዱ የማኅበራት አዋጅ ግን ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙትን ከሰብአዊ መብት ሥራ አግዶ ነበር። በ2011 አዋጅ ቁጥር 1113 ክልከላውን አነሳ። አሁን የጎደለው የእኛ እጅ ነው።

ይህን እትም ለእነዚህ ማኅበራት ሰጥተነዋል። ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቦንጋ ያላችሁ አንባቢዎቻችን፣ ለአንድ የማንጆ ተማሪ የደብተር መግዣ እንኳ ቢሆን አዋጡ። የእድራችሁንም መዝገብ ገልጣችሁ እዩት፤ የማንጆ ጎረቤታችሁ ስም አለበት?