ፊታውራሪ መሸሻ ለምን ያስቁናል?

ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲወራ ቀድመው የሚነሱት ፍቅረኛሞቹ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ናቸው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ይህ ልብ ወለድ ግን ትልቁ ጉልበቱ ያለው ከፍቅሩ ይልቅ በምፀቱ ላይ ነው።

ፊታውራሪ መሸሻን እንውሰድ። በዘር ሐረጋቸውና በጀግንነታቸው ሲኩራሩ የኖሩት ባላባት፣ ባላገሮቻቸውን ሊቀጡ ዘምተው በአበጀ በለው በሚመሩት ገበሬዎች እጅ ይወድቃሉ። ደራሲው እዚህ ላይ ስለ ገባር ሥርዓት ግፍ መስበክ አላስፈለጋቸውም፤ የሰውየውን ፉከራና የደረሰባቸውን ውርደት ጎን ለጎን አስቀመጡት፣ በቃ። አንባቢው ይስቃል፤ በሳቁ መሐል የሥርዓቱ ገመና ይገለጣል።

ጉዱ ካሳ ሌላ ነገር ነው። አገሬው እንደ እብድ የሚያየው ሰው ከሁሉም አርቆ የሚያይ መሆኑ ድንቅ አሣሣል ነው። (እርግጥ አንዳንድ ቦታ ንግግሩ ይረዝማል፤ ደራሲው በእሱ አፍ ሲያስተምሩ ያስታውቃል።)

ቴአትራችንም በዚሁ የምፀት ስልት ነው የጀመረው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ«ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የዘመናቸውን ሹማምንት በእንስሳት መስለው ተቹ። ተውኔቱ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ፤ አውሬዎቹ እነማን እንደሆኑ ቤተ መንግሥቱ ገብቶት ነበር ማለት ነው።

ትምህርት ቤት ውስጥ ግን ምፀት በቃል የሚሸመደድ ብያኔ ሆኖ ቀርቷል። መምህራን ብያኔውን ለጊዜው ይተዉትና የፊታውራሪን ዘመቻ ክፍል ውስጥ ጮክ ብለው ያስነብቡ፤ ተማሪውም የት ላይ እንደሳቀና ለምን እንደሳቀ ይጠየቅ።