ፊደላችን ታላቅና ታናሽ የለውም

የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚማር ወጣት ከሚለማመዳቸው ቀላል ሥራዎች አንዱ፣ በጽሑፍ ውስጥ ያሉትን የላቲን ትልልቅ ፊደሎች ወደ ትንንሽ፣ ትንንሾቹንም ወደ ትልልቅ መለወጥ ነው። ለማሽኑ ትልቁ ኤ 65፣ ትንሹ ኤ 97 ቁጥር ስለ ሆነ፣ 32 መደመር ወይም መቀነስ ይበቃል። የኛ ፊደል ግን ታላቅና ታናሽ የለውም። ስለዚህ «ማክሰኝት» ብለን በግዕዝ ፊደል ጽፈን ይህን ትእዛዝ ብንሰጥ፣ ቃሉ እንዳለ ይመለስልናል።

ነገሩ የሚበላሸው አማርኛን በላቲን ፊደል ስንጽፍ ነው። ሴራ በሚባለው የአጻጻፍ ሥርዓት ትንሹ ቲ «ት»ን፣ ትልቁ ቲ «ጥ»ን፤ ትንሹ ኤን «ን»ን፣ ትልቁ ኤን «ኝ»ን ይወክላል። እንግዲህ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ የምትገኘው ማክሰኝት ፊደሏ ቢለዋወጥ፣ «ኝ» ወደ «ን»፣ «ት» ወደ «ጥ» ተዛውሮ ተወላጁም የማያውቃት አገር ትሆናለች። «ተስፋ» የሚባለውንም ሰው፣ የእንግሊዝኛን ደንብ ተከትለን ስሙን በትልቅ ፊደል ብንጀምር «ጠስፋ» ይሆንብናል።

ይህ ለመዝገብ ቤት ሠራተኛ ቀልድ አይደለም። ስሙ የተዛባበት ባለጉዳይ በመዝገብ ተፈልጎ አይገኝም፤ ጥፋቱ የጸሐፊው ሲሆን መመላለሱ የባለጉዳዩ ነው። የግዕዝ ፊደል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. በዩኒኮድ የራሱን ቁጥር ስላገኘ፣ ዛሬ ምክንያት የለንም። ስለዚህ ወጣቶቻችን ሆይ፣ የሰውን ስም በገዛ ፊደሉ መዝግቡ፤ የውጭውንም ደንብ ተማሩት እንጂ ሳትመረምሩ አትጫኑት እንላለን።