ሰሙንም ስሙት

ኤፍ ኤም ሬዲዮ ላይ ዘፋኝ ሲጋበዝ የጠያቂውን ጥያቄ ቀድሜ አውቀዋለሁ፤ «ለማን ነው የዘፈንከው?» ይለዋል። ዘፋኙ ሳቅ ብሎ «ላድማጭ ትቼዋለሁ» ይላል። ስለ ግጥሙ የሚወራው በዚሁ ያልቃል። እኔን ያናድደኛል።

ወጣትነቴ ያለፈው ደሴ፣ ፒያሳ፣ ካሴት ስሸጥ ነው። ያኔም ደንበኞቻችን ይህንኑ ይጠይቁ ነበር፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ምክንያት ነበራቸው። በደርግ ዘመን ግጥም ሳይመረመር ካሴት ላይ አይወጣም። መርማሪው የፍቅር ዘፈን ውስጥ መንግሥትን የሚነካ ነገር ይፈልጋል፤ አድማጩ ደግሞ ከመርማሪው ያመለጠውን። ሁለቱም በአንድ ዓይነት ጆሮ ይሰሙ ነበር፤ አንዱ ሊቆርጥ፣ ሌላው ሊደሰት።

ነገሩ ከደርግም ይቀድማል። በታኅሣሥ 1953 የክቡር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ፣ በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ይዘፍን የነበረው ጥላሁን ገሠሠ ታስሯል። «አልቻልኩም» የተሰኘውን ዘፈኑንም ብዙ ሰው ከዚያ ሙከራ ጋር አያይዞ ሰምቶታል። አልፈርድባቸውም፤ ጋዜጣው የማይናገረውን ከዘፈን ጠበቁ። ግን ስለ 1953 ምንም የማያውቅ ወጣት ዛሬም አብሮ የሚያዜመው ለምንድን ነው? የተጎዳ አፍቃሪ ብሶት እውነት ስለሆነ ነዋ! ላይ ላዩን የሚሰማው ሰም ውሸት ቢሆን፣ ውስጥ የተደበቀውን ወርቅ የሚሸከምበት ጉልበት ከየት ያመጣ ነበር?

ቅድመ ምርመራ በ1985 በአዋጅ ቁጥር 34 ተሻረ። የመርማሪው ጆሮ ግን እኛ ዘንድ ቀረ። አንዲት ልጅ ስለ ወንዝና ስለ ድልድይ ብትዘፍን እስኪመሽ ድረስ ወንዙ የማን ብሔር፣ ድልድዩ የትኛው ባለሥልጣን እንደሆነ በፌስቡክ ይፈረድላታል። ወንዙን ያየላት የለም።

አዝማሪ ቤት ሌላ ነው። እዚያ እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው በማሲንቆው ይቀበላል፤ የተነካው ሰው እዚያው ተቀምጧል፣ ቤቱም አውቆት ይስቃል። ወርቁን መፈለግ የጨዋታው ሕግ ነው። ስቱዲዮ ገብቶ፣ ግጥም ተመርጦለት የተሠራን ዘፈን ሁሉ በዚያ ሕግ መስማት ግን ልክ አይደለም።

ትዝታን ውሰዱ። የወሎ ልጅ ነኝና ላዳላ ይፈቀድልኝ። ጥሩ ትዝታ ውስጥ ዘፋኙ «አንቺ» እያለ ሲያማርር መጀመሪያ የተለየችውን ልጅ ይመስለናል። ቆይቶ ወቀሳው ወደ ራሷ ወደ ትዝታ ይዞራል፤ ልጅቷ ከሄደች ቆይታለች፣ ሌሊት የምትመጣው ትዝታዋ ናት። በመጨረሻ የቷን እንደሚወድ እሱም አይለይም። ሰው ያጣ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ እኔም አውቄዋለሁ። ይህን ሁሉ ዘልሎ «ትዝታ ማለት አገር ናት» የሚለኝ ሰው ሀብቴን የቀማኝ ያህል ይሰማኛል። አገርም ልትሆን ትችላለች፤ ግን ልጅቷ መጀመሪያ ትኑር።

ካሴት በምሸጥበት ዘመን ሽፋኑ ላይ «ግጥም፦ ይልማ ገብረአብ፣ ዜማ፦ አበበ መለሰ» የሚል ጽሑፍ እናነብ ነበር። ዛሬ ዘፈን በስልክ ሲደርሰን ብዙ ጊዜ የገጣሚው ስም አብሮ አይመጣም። የሬዲዮ አዘጋጆች ስሙን ይጥሩልን፤ ገጣሚውንም ይጋብዙ። ለማን እንደጻፈው ይተዉትና፣ «አንቺ» ያላትን ልጅ ሁለተኛው አንጓ ላይ ለምን «እሷ» እንዳላት ይጠይቁት።